ትኬቱ ይቅደም ወይስ ቪዛው?

«እንኳን ደስ አለሽ፤ ተመርጠሻል» የሚል ኢሜይል የደረሳት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጀመሪያውን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ ሳይወስዳት ታነጋለች። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ተማሪነቷ ይቀርና ጉዳይ አስፈጻሚ ትሆናለች። ፋይል በብብቷ ይዛ ከሬጅስትራር ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ኢንሹራንስ፣ ከኢንሹራንስ ወደ ትኬት ቢሮ ትመላለሳለች። ትኬት ቢሮው «ቪዛሽን ይዘሽ ነይ» ይላታል። ቪዛ ተቀባዩ «ቡኪንግሽ የታለ?» ይላታል። ባንኩ ደግሞ ሁለቱንም ሳታሳይ አንድ ዩሮ አይሸጥላትም። ዝግጅቱ የሚጀመርበት ቀን ይደርሳል፣ ያልፋል፤ ፓስፖርቷ ገና ቆንስላው መሳቢያ ውስጥ ነው። ጓደኞቿም «ቀድማ ብትጀምረው ኖሮ» ይላሉ።

ቀድማ ብትጀምረው ኖሮ? ውሸት ነው። ቀድሞ መጀመር የሚቻለው ቀድሞ ለተነገረው ሰው ነው። ጥፋቱ ያለው ቀን መቁጠር በማይፈልጉ ተቋማት ላይ ነው፤ ከፊሎቹ ብራስልስ፣ ከፊሎቹ እዚሁ አገር ውስጥ ናቸው።

አንድ እውነተኛ መንገድ ተይዞ ነገሩ ይታይ። ጀርመን ውስጥ፣ ቱሪንጊያ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ኢልሜናው የምትባል ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ሳምንት የሚካሄደው እዚያ ነው። ከብዙ አገር የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ይገናኙበታል። ኢልሜናው እዚህ የተነሳችው የተለየ ጥፋት ኖሮባት አይደለም፤ አውሮፕላኑም ባቡሩም ያለበት መንገድ ስለሆነ ነው።

ከቦሌ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ በረራ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ፍራንክፈርት መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ስለሆነ አዲስ መስመር አይደለም። ከፍራንክፈርት አየር ማረፊያ በፈጣን ባቡር ወደ ኤርፈርት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ከኤርፈርት በአካባቢው ባቡር ኢልሜናው ለመግባት አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። መጠባበቂያውን ጨምሮ፣ ማታ ቤተሰቧን ቦሌ ላይ የተሰናበተች ልጅ በማግስቱ ለምሳ ኢልሜናው ትገኛለች። መንገዱ ይህን ያህል አጭር ነው። ወረቀቱ ግን ሦስት ወር አይበቃውም።

ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ አመልካቾች ላይ አንድ ውሳኔ አስተላለፈ። ምክንያት ያደረገው የኢትዮጵያ መንግሥት በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመመለስ በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። ውሳኔው አራት ነገር ይዟል። ማመልከቻ በ15 ቀን ይታይ የነበረው መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀረ፤ ቆንስላዎች አንዳንድ ሰነዶችን እንዲተዉ የሚፈቅደው ድንጋጌ ታገደ፤ ለዲፕሎማቲክና ለሰርቪስ ፓስፖርት ባለቤቶች ክፍያ ማንሳትም ቆመ። ከኢትዮጵያ በፊት ተመሳሳይ ዱላ ያረፈባት ጋምቢያ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2021።

እንግዲህ ማን እንደተቀጣ ልብ ይባል። ጥፋተኛ የተባለው መንግሥት ነው። ሰርቪስ ፓስፖርት የያዘው ባለሥልጣን የሚያጣው 90 ዩሮ ነው፤ እሱንም ቢሆን መሥሪያ ቤቱ ይከፍልለታል። ተማሪዋ የምታጣው አንድ ወር ነው። ያንን የሚተካላት መሥሪያ ቤት የለም። ከመንግሥት ጋር የተጣላ ሰው የመንግሥትን በር ያንኳኳል እንጂ መንገድ ላይ ያገኛትን የጎረቤት ልጅ በጥፊ አይመታም። ብራስልስ ያደረገችው ሁለተኛውን ነው። ያውም «የሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነት» እያለች በየዓመቱ ስለ ወጣቶች ልውውጥ በምትሰብክበት አፏ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የተመረጠችው ተማሪ ጅማ ነው የምትማረው ይባል፤ የምርጫው ደብዳቤም ከዝግጅቱ 90 ቀን ቀደም ብሎ ደርሷታል። ለጋስ ግምት ነው። ከዩኒቨርሲቲዋ «ተማሪያችን ናት፤ ትመለሳለች» የሚል ደብዳቤ ለማግኘት 10 ቀን ይሂድ። ለማመልከቻ ቀጠሮ 20 ቀን ትጠብቅ። ቀሪው 60 ነው። ከዚያ 45 ቀን ቆንስላው ይይዘዋል። 15 ቀን ቀረ። ፓስፖርቱን ለመቀበል፣ ትኬት ለመቁረጥ፣ ዩሮ ለመግዛት፣ ባቡር ለመያዝ ያላት ጊዜ ይኸው ነው። ከአሥራ አምስቱ ላይ አንድ የበዓል ሳምንት፣ አንድ «ሲስተም የለም» ወይም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ቢቀነስ ምን እንደሚተርፍ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ፓስፖርት ያልነበራት ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም አትቁጠረው። አሻራ በአካል ስለሚሰጥ ከጅማ አዲስ አበባ መመላለስም አለ። ተማሪዋ ከጅማ ሳይሆን ከጎንደር ወይም ከደብረ ማርቆስ ብትሆን አውቶቡሱ የሚሄድበት ቀንና የማይሄድበት ቀን ሌላ ሂሳብ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። የበረራው ቀን በቀረበ ቁጥር ርካሾቹ መቀመጫዎች ያልቃሉ። ቀድሞ የቆረጠ ጥቂት ይከፍላል፤ ዘግይቶ የቆረጠ ብዙ። ስለዚህ በጣም ውዱን ትኬት የሚገዛው በጣም ደሃው ተጓዥ ነው ማለት ነው። የጀርመን ተማሪ ወደ አዲስ አበባ ቢጋበዝ ቪዛውን ኢንተርኔት ላይ ጨርሶ ትኬቱን ገና በጠዋቱ በርካሽ ይቆርጣል። የጅማዋ ልጅ ቪዛው እስኪወጣ አቅፋ ትጠብቃለች። አልጠብቅም ብላ ቀድማ ብትገዛና ቪዛው ቢከለከል፣ ርካሽ የሚባለው ትኬት ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ የማይመለስ ስለሆነ የቤተሰብ ጥሪት ሜዳ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ሐሜት መቆረጥ አለበት። በየሰፈሩ ያሉ «ቪዛ አማካሪዎች» ተማሪዎችን «የተከፈለበት ትኬት ካላስገባሽ ፋይልሽ አይታይም» እያሉ ያስፈራራሉ። የሸንገን የቪዛ ሕግ ግን የደርሶ መልስ ጉዞ ቡኪንግም ይቀበላል። የተከፈለ ትኬት ግዴታ አይደለም። አንዳንዱ አማካሪ ደግሞ በተቃራኒው በኮምፒውተር የተቀባ የውሸት ቡኪንግ ሸጦ ይልካታል። ቆንስላው ቁጥሩን አስገብቶ ሲያየው ስሟ የለም። ከዚያ በኋላ ችግሩ የትኬት መሆኑ ይቀርና የሐሰት ሰነድ ይሆናል፤ ያ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ የሚከተል ስም ነው። ለዚህ አገልግሎት የሚያስከፍሉት ሰዎች ማታ በሰላም ይተኛሉ።

መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። በበረራ መቀመጫ መያዝ የሚቻለው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ካልተከፈለ ይሰረዛል። አየር መንገዱ የመንግሥት ነው፤ የሕዝብ ነው እየተባለ ይዘፈንለታል። ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ለያዘ ተማሪ መቀመጫውን በመጀመሪያው ቀን ዋጋ ለ45 ቀን ቢይዝለት፣ ቪዛ ከተከለከለ ቢለቀው፣ ምን ይጎዳል? በዓመት ስንት ተማሪ ነው? አንድ ትልቅ አውሮፕላን አይሞሉም። ይህን ለመጠየቅ አንድ የተማሪዎች ኅብረት ወይም አንድ የሚኒስቴር ዳይሬክተር ሁለት ገጽ ደብዳቤ ቢጽፍ በቂ ነበር።

አሁን ወደ ባቡሩ። ብዙ ተማሪ ትኬቱን ቆርጦ «አበቃ» የሚለው አውሮፕላኑ ላይ ነው፤ የሚከስረው ግን ፍራንክፈርት ላይ ነው። አይፈረድበትም። በዚህ አገር ባቡር የተሳፈረ ተማሪ ጥቂት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የድሮው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር፤ ዛሬ ለገሃር የሚለው ስም ከባቡሩ ይልቅ የታክሲ መዳረሻ ሆኖ ቀርቷል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ደግሞ ትኬት ቆርጦ የመጣውን መሳፈር ነው፤ ሰዓት ያልፍብኛል ብሎ የሚጨነቅበት የለም። ስለዚህ የጀርመን ባቡር ሁለት ዓይነት ትኬት እንዳለው ቀድሞ የሚነግራት ካላገኘች አታውቅም።

አንደኛው ርካሹ ነው። እሱ ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ ነው፤ የ8:14ቱን ከቆረጥሽ በ8:14ቱ ብቻ ነው የምትሄጂው። ሁለተኛው ውድ ነው፤ በዚያ ቀን በየትኛውም ባቡር ያሳፍራል። ከአዲስ አበባ የሚነሳው የሌሊት በረራ ፍራንክፈርት የሚገባው ማለዳ ነው። ግን አውሮፕላኑ ሊዘገይ ይችላል፤ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ መንገደኛ የሚሰለፍበት የፓስፖርት መስኮት ሊረዝም ይችላል፤ ሻንጣው ሊቆይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ርካሹ ባቡር ካመለጣት ትኬቷ ሞተ። የዘገየው ባቡሩ ሳይሆን አውሮፕላኑ ስለሆነ የባቡር ድርጅቱ አይመለከተውም። እዚያው ሌላ ልትገዛ ነው፤ በቀኑ ዋጋ፣ በዩሮ።

የሚገርመው ባቡሩ ራሱ ሲዘገይ ሕጉ ይለወጣል። መድረሻ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚያዘገይ ነገር ካለ የታሰረው ትኬት ይፈታል፤ ሌላ ባቡር መሳፈር ይቻላል። ይህ ደግሞ በብዛት ይከሰታል። «እንደ ጀርመን ባቡር» ብሎ ሰዓት አክባሪነትን የሚያወድስ ሰው አሁን ቢቆጠብ ይሻላል፤ በ2024 የጀርመን የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት 62.5 በመቶው ብቻ ናቸው፤ ያውም ስድስት ደቂቃ ያልሞላ መዘግየት እንደ መዘግየት ሳይቆጠር። ከኤርፈርት የሚቀጥለውን የኢልሜናው ባቡር በአምስት ደቂቃ ልዩነት የያዘች ልጅ ባታመልጠው ነው የሚገርመው። አራት ሰዓት ያህል ክፍተት ትቶ፣ ከአየር ማረፊያው ያለውን ትኬት ልቅ የሆነውን ወስዶ፣ ወይም አንዳንድ አየር መንገዶች ከበረራው ጋር አያይዘው የሚሸጡትን የባቡር ትኬት ጠይቆ መሄድ ዋጋ አለው። የተያያዘው ትኬት አውሮፕላኑ ቢዘገይም አይሞትም።

ይህን ምክር መስጠት ግን ቀላል ነው፤ በምን ልትገዛው ነው? የባቡር ትኬቱ የሚሸጠው ኢንተርኔት ላይ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። የተማሪ የባንክ ካርድ ከብር ውጭ አያውቅም። ባንኩ ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ቪዛ የተመታበት ፓስፖርትና የአውሮፕላን ትኬት ሲያይ ነው፤ ማለትም በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ርካሹ ባቡር ካለቀ በኋላ። ስለዚህ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ አንድ ዘመድ ላይ ይወድቃል። ፍራንክፈርት ወይም ኮሎኝ የአክስት ልጅ ያላት ትሄዳለች፤ «ጋሼ፣ እባክህ ባቡር ቁረጥልኝ» የምትለው ሰው የሌላት ትቀራለች። ለተማሪዎች በችሎታ ተወዳደሩ የተባለ ዕድል መጨረሻ ላይ የሚወሰነው ማን ውጭ አገር ዘመድ አለው በሚለው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ ነገሩ ብሶበታል። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የትኬቱ ዋጋ በዶላር ባይጨምር እንኳ በብር እጥፍ ሆነ። የመምህር ወይም የገበሬ ልጅ ደመወዝና እህል ግን በዚያ ፍጥነት አልዘለለም።

ብዙ አዘጋጆች ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ። ከዚያም «የጉዞ ወጪሽን እንመልስልሻለን፤ ስትመጪ ደረሰኝ ይዘሽ ነይ» ይላሉ። በአውሮፓ ይህ ቸርነት ነው። ከዋርሶ የሚመጣ ተማሪ 60 ዩሮ ከኪሱ አውጥቶ ከሳምንት በኋላ ይቀበላል። ለጅማዋ ልጅ ግን «መጀመሪያ አንድ የቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ ተበደሪ፣ ከደረስሽ እንመልሳለን» ማለት ነው። ቪዛ ከተከለከለች ደግሞ አልመጣችምና የሚመለስ የለም። ደረሰኝ አምጪ የሚለው ደንብ የተጻፈው ገንዘብ ላለው ሰው ነው። በተግባር ደሃውን የሚያስቀር ማጣሪያ ነው፤ ግብዣ የሚለው ስም ሊሰጠው አይገባም። አዘጋጆቹ ተማሪዎች መሆናቸውና በነጻ መልፋታቸው ይህን አይለውጠውም። ትኬቱን ራሳቸው በስሟ መቁረጥ ይችላሉ። የአፍሪካ አመልካቾችን ውጤት ከሌሎች ሁለት ወር ቀድመው መግለጽ ይችላሉ። የሸንገን ሕግ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ደብዳቤው ቀድሞ ቢደርሳት 45 ቀኑ ሰፊ ነበር። የጋበዙት ሰው እንዲመጣ ከልብ የፈለጉ ሰዎች ይህን ሂሳብ ሳይሠሩ ይቀራሉ?

በዚህ በኩል ያለው ሰበብ ደግሞ ከዚያኛው ያነሰ አያሳፍርም። አንድ የዩኒቨርሲቲ የውጭ ግንኙነት ክፍል «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ከዲን ወደ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከምክትል ፕሬዚዳንት ወደ መዝገብ ቤት ሲያንከባልል ሁለት ሳምንት የሚፈጀው ለምንድን ነው? ማህተሙ ያለው አንድ ሰው ጋ፣ ያም ሰው ሥልጠና ላይ ስለሆነ። ያው ዩኒቨርሲቲ ለኃላፊዎቹ «የልምድ ልውውጥ» ሲያዘጋጅ ደብዳቤው በአንድ ቀን ይወጣል፤ ትኬቱም አበሉም ከበጀት ይከፈላል። በራሷ ጥረት ከብዙ ሺህ አመልካቾች መካከል ለተመረጠች ተማሪ ግን «በጀት አልተያዘም»። በእርግጥ አልተያዘም። ማን ያስይዘው?

«ይላካሉ፤ ግን አይመለሱም» የሚል ክርክር አለ፤ ሊሸሽም አይገባም። አንዳንዱ ይቀራል። የስፖርት ቡድንም ልዑካንም ሄደው የቀሩበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ለመቅረት የሚሄድ ሰው 45 ቀን መጠበቅ አያስቸግረውም፤ እንዲያውም ዝግጅቱ ቢያልፍበት ግድ የለውም። 45 ቀን የሚያስቀረው ለዝግጅቱ ብላ የምትሄደውን ነው፤ የመመለሻ ትኬቷን ከፈተና ቀኗ ጋር አስተካክላ የያዘችውን። የቆንስላው ቅጽ ላይ «ከቪዛው ማብቂያ በፊት ለመውጣት ያለዎት ፍላጎት አጠራጣሪ ነው» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ሲደረግባት ደግሞ ማስረጃው ምን እንደሆነ አይነገራትም። ገንዘቧም አይመለስም። ድሮ የጀርመን ቆንስላ ለተከለከለ ሰው ውሳኔውን በነጻ ደግሞ የሚያይበት አሠራር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን የቀረው መንገድ በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ለአሥር ቀን የተማሪዎች ስብሰባ!

የሚቻለው ግን ዛሬውኑ ይደረግ። ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሸንገን ቪዛ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ በብር ከ10 ሺህ በላይ። በዚያው የቪዛ ሕግ አንቀጽ 16 መሠረት ለትምህርት ወይም ለትምህርታዊ ሥልጠና የሚጓዙ ተማሪዎች አይከፍሉም። ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በታች ሆኖ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ወክለው፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ባዘጋጀው ሴሚናር፣ ጉባኤ ወይም ትምህርታዊ ዝግጅት የሚሳተፉም አይከፍሉም። የሚያዝያው ውሳኔ ይህን አልነካውም። ማመልከቻ የሚቀበለው የግል ድርጅት የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ 90 ዩሮው ግን ይቀራል። የግብዣ ደብዳቤው ላይ አዘጋጁ ለትርፍ ያልተቋቋመ መሆኑ፣ ዝግጅቱም ትምህርታዊ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ የምትወክለው ክበብ ወይም ማኅበርም የውክልና ደብዳቤ ይስጣት። የጉዞ የጤና ኢንሹራንሱ ከ30 ሺህ ዩሮ ያላነሰ ሽፋን ይኑረው። የአንቀጹም ወረቀት ታትሞ ፋይሉ ውስጥ ከላይ ይቀመጥ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ «እንዲህ የሚል ነገር የለም» ቢል የሚታይ ነገር ይኖራል።